ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «እናቴ ተስማምቶሻል ትለኛለች፤ ልብሴ ግን አልገባኝ አለ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ድሬዳዋ የምማር የ19 ዓመት ሴት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ስመጣ 52 ኪሎ ነበርኩ፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ስመዘን 58 ሆኛለሁ። ለዕረፍት ቤት ስሄድ እናቴ «አየሩ ተስማምቶሻል» ብላ ደስ አላት፤ የዶርም ጓደኞቼ ግን ይቀልዱብኛል። የድሬ ውኃ ያወፍራል የሚሉም አሉ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ቁርስና ምሳ ትቼ ማታ ብቻ ብበላም አልቀነስኩም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ስለተባልኩ እሱንም ልሞክር አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። ክብደት በቁመት ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኘው ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው ልኬት በእርስዎ ከ20 ወደ 23 ገደማ ከፍ ብሏል፤ ለአዋቂ ሰው ጤናማ የሚባለው ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው በመሆኑ፣ 58 ኪሎ ለቁመትዎ ከመጠን ያለፈ ክብደት አይደለም። እናትዎ አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ በአንድ ሴሚስተር 6 ኪሎ መጨመር ፈጣን ነው። በሰሜን አሜሪካ የአንደኛ ዓመት ተማሪ 15 ፓውንድ፣ ማለትም 7 ኪሎ ገደማ ይጨምራል የሚል የቆየ አባባል አለ፤ እዚያው የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት አማካይ ጭማሪ ግን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው።

ውኃውን በነጻ እንልቀቀው። የድሬዳዋ ውኃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ ጣዕሙም ለደጋ ልጅ ቶሎ አይለመድም፤ ካሎሪ ግን የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ውኃው አልጥም ሲል በምትኩ ከሚጠጣው ነው። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር የኮካ ጠርሙስ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይይዛል። በሙቀቱ ምክንያት በቀን ሁለት ጠርሙስ የሚጠጣ ሰው፣ በሻይ የሚገባውን ሳንቆጥር፣ 16 ማንኪያ ስኳር ወሰደ ማለት ነው፤ ፈሳሽ ስለሆነም ከምግቡ የሚቀንስለት ነገር የለም። በዚያ ላይ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ወርደዋል። ደብረ ብርሃን ላይ በእግርዎ የሚሄዱትን መንገድ እዚህ ፀሐዩን ፈርተው በባጃጅ ይሄዱት ይሆናል። (ላብ ስብ ያቀልጣል የሚባለውን አይመኑ፤ በላብ የወጣው ውኃ ነው፣ ሲጠጡ ይመለሳል።)

ከኪሎው ይልቅ ያሳሰበኝ ቁርስና ምሳ መተውዎ ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶውን የዋለ ሰውነት ማታ የሚጠይቀው ሽሮ በእንጀራ አይደለም፤ ቶሎ የሚያጠግብ ስኳርና ቅባት ይፈልጋል። የግቢ ካፌ እራት በጊዜ ይበላል፣ ጥናቱ ደግሞ እስከ ሌሊቱ አምስትና ስድስት ሰዓት ይዘልቃል፤ በመካከሉ ላውንጅ ውስጥ አንድ ሳህን ፓስታ በዳቦ፣ ከበር ላይ ሦስት አራት ሳምቡሳና ባጂያ ይከተላል። በቀን የተቆጠበው ሁሉ በዚያች አንድ ሰዓት ይመለሳል። እንቅልፍ ማነስ ራሱ የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅሰውን ሆርሞን ከፍ፣ የጥጋቡን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ነገሩ በማግስቱ ይብሳል። ስለዚህ ቁርስና ምሳዎን ዛሬውኑ ይመልሱ። የካፌው ምስርና ሽሮ ለዚህ በጣም ጥሩ ምግብ ነው። ለሌሊቱ ደግሞ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ሙዝ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ዶርም ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከእኩለ ሌሊት በፊትም ለመተኛት ይሞክሩ።

ጫቱን በፍጹም አይሞክሩት። ለጥቂት ሰዓታት የምግብ ፍላጎት መዝጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አብሮት የሚቀርበው ለውዝ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳም የሸሹትን ካሎሪ መልሶ ያመጣዋል። ምርቃናው ሲበርድ የሚመጣው ረሃብ ደግሞ አሁን ካለብዎት የሌሊት ረሃብ አይለይም።

ለውኃው መላ አለው፦ ማታ ሞልተው ሎሚ ጨምቀውበት ያቀዝቅዙት፣ ጠዋት ይዘውት ይውጡ። ለእግር ጉዞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይምረጡ፤ የከዚራ ጎዳናዎች ዛፍ ስላላቸው ለዚህ ይመቻሉ፣ ከጓደኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ሰላሳ ደቂቃው ሳይታወቅ ያልቃል። ሚዛን ላይ በየሁለት ሳምንቱ አንዴ፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ይውጡ። በየቀኑ የሚመዘን ሰው የሚያየው ከስቡ ይልቅ የውኃውን መውጣትና መውረድ ነው። ለጊዜው ግብዎ መጨመሩን ማቆም ይሁን።

ሳልጠይቅዎት የማላልፈው ነገር አለ። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀምረዋል? ለሳል ወይም ለአለርጂ ብለው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ደጋግመው ወስደዋል? ሁሉም ክብደት ሊጨምሩ ስለሚችሉ ለሐኪም ይንገሩ እንጂ፣ በተለይ ኋለኞቹን ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቁሙ። የወር አበባዎ ከቀረ ወይም ከተዛባ፣ በድሬ ሙቀት ውስጥ ብርድ ብርድ የሚልዎት ከሆነ፣ ፊትዎ ካበጠ ወይም ሆድዎ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሰፊ ሸንተረር ከታየ፣ የግቢውን ክሊኒክ ወይም ድል ጮራ ሆስፒታልን ሳይዘገዩ ይጎብኙ። ከበሉ በኋላ ጣት ከትተው ለማስመለስ ያሰቡበት ቀን ካለ ግን፣ ኪሎው ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።