አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ያስተማምናል ወይ?

«አሜሪካ ያለው ወንድሜ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የሶኒ ሲዲ ማጫወቻ በርካሽ አግኝቶ ልላክልህ ይለኛል፤ ይሠራል ወይስ ብሩን ውኃ ይበላዋል?» ብለህ ለጠየቅከው ወዳጄ፦ ዕድሜው አያስፈራህ። ፍራ ካልከኝ ሲዲውን በሌዘር የሚያነበውን ሌንሱን ፍራ።

አሮጌ ማጫወቻ ስገዛና ስፈታ ቆይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው የሲዲው መሳቢያ ነው። ቁልፉን ስትጫን ውስጡ «ዝዝዝ» ይላል፤ መሳቢያው ግን ንቅንቅ አይልም። በጣትህ ስታግዘው ይወጣል። ሻጩ «ተበላሽቷል» ብሎ ዋጋ የሚጥልልህ እንዲህ ያለውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአንዲት የላላች ቺንጋ ነው። እሷ ተቀይራ፣ የደረቀው ግራሶ ተጠርጎ በአዲስ ከተተካ አለቀ። እኔ እንዲህ ያለ ሳገኝ ደስ ነው የሚለኝ!

ሌንሱ ላይ አቧራ ብቻ ካለ በንጹሕ አልኮል በራሰ ጥጥ ቀስ አድርጎ ማበስ ይበቃል። ሌዘሩ ራሱ ከደከመ ግን መቀየር ነው። እዚህ ላይ ሶኒ ይሻላል፤ ለብዙ ሞዴሎቹ የሚገጥም ሌንስ ዛሬም ይሸጣል፣ ጥራቱ ቢለያይም። የድሮዎቹ ፊሊፕሶች፣ ሌንሳቸው በሚወዛወዝ ክንድ ላይ ያለው፣ ብርቱ ናቸው። ከሞቱ ግን መለዋወጫ ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነው።

ወንድምህ ሳይከፍል በፊት ከ70 ደቂቃ በላይ የሆነ ኦሪጅናል ሲዲ ይዞ ይሂድ። ሲዲ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚነበብ የመጨረሻው ዘፈን ጠርዙ ጋ ነው። ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ይዝለል፣ ይመለስ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት እየተጫወተ ይተወው፤ ቀዝቃዛ ሳለ ደህና የነበረው ሲሞቅ መንተባተብ ሊጀምር ይችላል። ኮምፒውተር ላይ በርን የተደረገ ኮፒም ይሞክርበት። ኮፒ ብርሃን የሚመልሰው ከኦሪጅናሉ ባነሰ መጠን ስለሆነ የደከመ ሌንስ ቶሎ የሚያንገራግረው እሱ ላይ ነው። ኤምፒስሪ የተጫነበትንማ የዚያ ዘመን ማሽን አያውቀውም፤ ተስፋ አታድርግ።

ደግሞ ኤሌክትሪኩ! የአሜሪካው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የእኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ ቮልቴጅ መቀየሪያ ከሌለው ቀጥታ ስትሰካው ጭስ ነው። 220ውን ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቀድመህ ግዛ። ማጫወቻው ብዙ ስለማይስብ ትንሹ ይበቃሃል።

አንዳንዶቹ ማጫወቻዎች ከታች በኩል ለጉዞ ሌንሱን የሚያስር ብሎን አላቸው። ካለው ወንድምህ ሳይጠቀልለው ያጥብቀው፤ አንተም ሳትሰካው ፍታው።