የግዴታ ውሉ ወይስ የአዘዞው ቤት?

ከጎንደር የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ጉዳይሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀሻል። የኢትዮጵያ አየር መንገድን የሠልጣኝ አብራሪነት የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አልፈሽ የጤና ምርመራ እየጠበቅሽ ነው። አየር መንገዱ የሥልጠናውን ወጪ ችሎ በምትኩ ለዓመታት እንድታገለግዪው የግዴታ ውል ያስፈርማል። በዚህ መሃል አሜሪካ ያሉት አጎትሽ «ለዓመታት በውል ከምትታሰር ደቡብ አፍሪካ ሄዳ በ14 ወር ነፃ አብራሪ ትሁን፤ ግማሹን እኔ እችላለሁ» ብለዋል። አባትሽ ለቀሪው ግማሽ አዘዞ ያለውን ቤት ለመሸጥ ደላላ አናግረዋል። የደቡብ አፍሪካው ትምህርት ቤት ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀብድ ለላከ ቅናሽ አለኝ ይላል። ስለ መነጽርሽ፣ ስለ እንግሊዝኛው ፈተናና እናትሽ ስለ ትዳር ስላነሱት ሥጋትም ጠይቀሽኛል።

መልሴን ከፊት ልንገርሽ፤ ቀብዱን አትላኪ፣ ቤቱም አይሸጥ። አጎትሽ ቅር ይላቸዋል፤ ቅር ይበላቸው።

የግዴታ ውልን እንደ እስር ቤት የሚያዩ ዘመዶች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሁለቱም መንገድ ብድር ነው። በአየር መንገዱ መንገድ አበዳሪሽ አሠሪሽ ነው፤ ዕዳውን የምትከፍዪው ደመወዝ እየበላሽ፣ በአገልግሎት ዘመን ነው። በሌላው መንገድ አበዳሪዎችሽ አባትሽና ከቤቱ ድርሻ ያላቸው ሁለት ታናናሽ ወንድሞችሽ ናቸው፤ ዕዳውን የምትከፍዪበት ሥራ ግን ገና አልተገኘም። ከጥገና ክፍል የመጣሁ፣ በደመወዝ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሚዛኔ ወደ ደመወዝ እንደሚያደላ እወቂልኝ። ቢሆንም ቁጥሮቹን ራስሽ እይያቸው።

ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዝቅተኛ መስፈርት 200 የበረራ ሰዓት ነው፤ በጸደቀ የተሟላ ሥልጠና ውስጥ ለሚያልፍ 150። ካፒቴን የሚያደርገው የትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ ደግሞ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ከ200 እስከ 1,500 ያለውን ሰዓት በማን አውሮፕላን፣ በማን ነዳጅ ትበሪዋለሽ? አየር መንገድ የላከው ሠልጣኝ ይህን ሰዓት የሚሞላው ረዳት አብራሪ ሆኖ፣ እየተከፈለው ነው። እንደ ቦምባርዲየር ኪው 400 ወይም ቦይንግ 737 ላለ አውሮፕላን የሚያስፈልገውን የታይፕ ሬቲንግ (በአንድ የአውሮፕላን ዓይነት የመብረር ብቃት) ሥልጠናም አሠሪው ያቀርባል። በራስሽ ከፍለሽ የወጣሽ ከሆነ ግን 200 ሰዓት የተጻፈበት ሎግ ቡክ ይዘሽ ቀጣሪ ፍለጋ ትወጫለሽ። እዚህ አገር ትልቁ ቀጣሪ ያው አጎትሽ አትግቢበት ያሉት ነው፤ የቀሩት ጥቂት አውሮፕላን ያላቸው የቻርተር (የኪራይ በረራ) ድርጅቶች ናቸው።

ፈቃዱም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅሽም። ለንግድ አብራሪ የሚጠየቀው የአንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ በ12 ወር ያልፍበታል። መንገደኛ ለመያዝ ባለፉት 90 ቀናት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነስተሽ ማረፍ አለብሽ። የመሣሪያ በረራ ብቃትም (ውጭው ሳይታይ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ፈቃድ) በየጊዜው በፈተና ይታደሳል። የደቡብ አፍሪካውን ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ማዛወርም የራሱ ማረጋገጫና ፈተና አለው። ሥራ ፈትተሽ የምትጠብቂበት እያንዳንዱ ወር ገንዘብ ይበላል፤ ቤቱ ደግሞ ያኔ ተሽጧል።

አሁን ወደ ዋጋው። የላክሽልኝ የዋጋ ዝርዝር በዝቅተኛው ሰዓት የተሠራ ነው፤ ማንም ተማሪ አንድም በረራ እንደማይደግም፣ ከፈተናም እንደማይወድቅ ታስቦ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂያቸው። የሰዓቱ ዋጋ ነዳጅን ያካትታል? ሰዓቱ የሚቆጠረው በሆብስ ነው ወይስ በታኮሜትር? ታኮሜትር በሞተሩ ዙር ፍጥነት ልክ ይቆጥራል፤ ሆብስ ግን ሞተር ከተነሳበት ጀምሮ ስለሚቆጥር በመንደርደሪያው ጫፍ ተራ ስትጠብቂም ሙሉውን ትከፍያለሽ። ለፈተናው አውሮፕላንና ለፈታኙ የሚከፈለውስ ተካቷል? ከዚያ ስንት አውሮፕላን እንዳላቸው ሳይሆን ዛሬ ጠዋት ስንቱ እንደሚበር ጠይቂ። ለሥልጠና የሚከራይ ሴስና 172 በየ100 ሰዓቱ ለምርመራ ይቆማል፤ ሥራ በበዛበት ወር 100 ሰዓት ቶሎ ይሞላል። ሞተሩ 2,000 ሰዓት ገደማ ሲደርስ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል፤ መለዋወጫ ከዘገየ አውሮፕላኑ ሃንጋር ውስጥ ይከርማል፤ አንቺ ኪራይና ምግብ እየከፈልሽ ትጠብቂያለሽ። 14 ወር የተባለው 20 ወር የሚሆነው በዚህ ነው።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑንም አትርሺ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የተሸጠ ቤት እንዲህ ባለ ሳምንት ግማሹ ይተናል። የአጎትሽ ግማሽ ደግሞ እስካሁን በስልክ የተነገረ ዶላር ነው። በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ገንዘቡ በግል አብራሪነት ፈቃድና በንግድ ፈቃድ መካከል ሲያልቅ ነው። ሰባ ሰዓት በርሮ ያቆመ ሰው በሎግ ቡኩ አይቀጠርም፤ ቆይቶ ሲመለስም የረሳውን እንደገና ከፍሎ ይማራል።

ለነገሩ ያህል፣ ከባህር ወለል ብዙም በማይርቅ ሜዳ የሠለጠነ ሰው አዘዞ ሲመጣ ይደነግጣል። እዚያ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ከ6,400 ጫማ በላይ ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ስለሚሳሳ ትንሿ ሴስና 9,000 ጫማ ላይ እንዳለች ሆና ነው የምትነሳው። ለመነሳት የምትንደረደርበት ርቀት ይረዝማል፣ ወደ ላይ መውጣቷም ይዘገያል። ትምህርት ቤት ስትመርጪ ይህም ይታሰብ።

ስለ ግዴታው ውል ግን አጎትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሳያነቡ የሚፈርሙት ውል ያስራል። ረቂቁ ሲሰጥሽ የሚከተሉትን ፈልጊ። የአገልግሎት ዘመኑ መቆጠር የሚጀምረው ከምረቃ ነው፣ ከታይፕ ሬቲንግ ነው ወይስ ያለ አሠልጣኝ በመደበኛ የመስመር በረራ እንድትሠሪ ከተለቀቅሽበት ቀን? ልዩነቱ ከአንድ ዓመት ሊበልጥ ይችላል። የሚመለሰው ገንዘብ ባገለገልሽ ቁጥር ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉውን ይጠየቃል? በብር ነው የተጻፈው ወይስ በዶላር? በሥልጠና መሃል ለሶሎ (ለብቻ) በረራ ብቁ አይደለሽም ተብለሽ ብትሰናበቺስ? በሕመም የጤና ማረጋገጫሽን ብታጪስ? በራስ ፈቃድ መልቀቅና በጤና ምክንያት መውጣት በአንድ አንቀጽ ከታጨቁ እንዲለዩ ጠይቂ፤ ባይለዩልሽም ምን እንደምትፈርሚ ታውቂያለሽ።

ከሁሉ በላይ አባትሽ የሚፈርሙበትን የዋሱን ገጽ አንብቢ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም፤ ስለዚህ ቁጥሩ መኖሩን አረጋግጡ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ አሠሪው አንቺን ሳይጠይቅ በቀጥታ አባትሽን ሊከስ ይችላል፤ ይህ በቁጥር 1933 ያለ ነው። አባትሽ ይህን ተረድተው ቢፈርሙ ግድ የለኝም። ቤት ሸጦ ገንዘቡን ባሕር ማዶ ከመላክ፣ የውሉ ዕዳ ካልመጣ በቀር ለማይጠየቁበት ዋስትና መፈረም እጅግ የቀለለ አደጋ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ የምትሠለጥኝው ለተለመደው የንግድ ፈቃድ ነው ወይስ ለመልቲ ክሩ (የብዙ አብራሪ) ፈቃድ? ሁለተኛው ቢያንስ 240 ሰዓት ሲሆን ከፊሉ በሲሙሌተር ነው። የሚያስበርርሽ ግን ሁለት አብራሪ በሚጠይቅ አውሮፕላን፣ በረዳትነት ነው። በእሱ ብቻ ቻርተር ድርጅት ሄደሽ ብቻሽን መንገደኛ ማመላለስ አትችይም። «ነፃነት» የሚባለው ነገር ካስጨነቀሽ ከግዴታው ዓመታት ይልቅ ይህ ያስጨንቅሽ።

መነጽርሽ፦ በዓለም አቀፉ መስፈርት እያንዳንዱ ዓይን በመነጽር 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 ካዩ ያልፋል፤ አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ልኬቱንም የቀለም መለያ ሰሌዳውንም ታዪ፤ ሳትጠይቂ የሌዘር ቀዶ ሕክምና እንዳታደርጊ።

እንግሊዝኛ፦ በዓለም አቀፉ ድርጅት መመዘኛ የሚፈለገው ደረጃ 4 ነው፤ የሚፈተነው ሰዋስው ብቻ ሳይሆን ያልጠበቅሽው ነገር ሲገጥምሽ በግልጽ መናገርሽም ነው።

እናትሽ ስለ ትዳር ላነሱት፦ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ከሆነች ወዲህ ጥያቄው አርጅቷል፤ ይልቅ የ120 ቀኑ የወሊድ ፈቃድ በአገልግሎት ዘመኑ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቂ።

ሐሳቤን የምቀይረው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። አየር መንገዱ በራሱ መስፈርት መልሶሽ፣ የአንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫውን ግን የምታገኚ ከሆነ። ያኔም ቢሆን ቤቱ ሳይነካ፣ አዲስ አበባ ካሉት ትምህርት ቤቶች ጭምር ዋጋ ጠይቀሽ፣ በየደረጃው እየከፈልሽ ነው፤ መጀመሪያ የግል ፈቃዱ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ገንዘብ ባንክ መግባቱ ሲታይ ብቻ። እስከዚያው ግን የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሽያን ማስታወቂያ ሲወጣም አመልክቺ። በመካኒካል ዲግሪሽ ከብዙው ተወዳዳሪ ትቀድሚያለሽ፤ ሥራውንም ዝቅ አድርገው የሚያዩት የማያውቁት ናቸው።

አባትሽ ዛሬውኑ ደላላውን ይመልሱት። አጎትሽም የምር መርዳት ከፈለጉ፣ የአዲስ አበባ መመላለሻሽን፣ የምርመራውን ወጪ እና ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የሚያነብልሽን ጠበቃ ክፍያ ይቻሉ። ይህ ከቃል ከገቡት ግማሽ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በዚህ ሳምንት ሊልኩትም ይችላሉ።