ውስጡ የሚታይ ሰዓት መስራት ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁን ወደዚ ሙያ የሚስባችሁ ያ ከላይ እስከ ታች ማሽኑ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔንም ያመጣኝ እሱ ነው። እድሜዬን ያ ሰዓት የሚሰራበትን ሰንፔር ስቆርጥና ሳለሰልስ ነው የኖርኩት፣ እና መጀመሪያ ይሄን ያዙልኝ፣ ነገርየው መስታወት ይምሰል እንጂ መስታወት አይደለም።

ሰንፔር አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ኦገስት ቬርኔይ የሚባል ፈረንሳዊ በ1902 ይፋ ባደረገው ዘዴ ዱቄቱ በነበልባል ውስጥ እየወረደ ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይቀልጥና ትንሽ በትንሽ እየረጋ ያድጋል፣ ንጹህ ከሆነ ቀለም የለውም፣ ክሮሚየም ጠብ ካለበት ደግሞ ቀይ ሩቢ ይሆናል። ማዕድን ምን ያህል ጭረት እንደሚቋቋም በሚለካው በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 9 ነው፣ አልማዝ 10፣ ስለዚ የምትቆርጡትም የምትበሱትም የምታለሰልሱትም በአልማዝ ነው። ግን እዚ ጋ ነው ብዙ ልጅ የሚሳሳተው፣ አለመጫር ሌላ አለመሰበር ሌላ። በ1969 ጨረቃ ላይ የወጣው የኦሜጋ ስፒድማስተር የሚባለው ሰዓት መስታወቱ እኮ ፕላስቲክ ነበር፣ ፕላስቲክ ቶሎ ይጫራል ግን ብትንትን አይልም፣ ክብደት በሌለበት መንኮራኩር ውስጥ ስብርባሪ ሲንሳፈፍ አስቡት።

ጠፍጣፋውን የፊት መስታወት መስራት ብዙም አያስቸግርም፣ ትለምዱታላችሁ። ከባዱ ማሽኑን የሚይዘውን የሰዓቱን ሙሉ አካል ከሰንፔር መፈልፈል ነው፣ ሪቻርድ ሚል የሚባለው የሰዓት ድርጅት በ2012 እንዲህ የተሰራውን አርኤም 056 ሰዓት ሲያወጣ እኛ ሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ደጋግመን ያየነው ውስጠኛውን ጥግ ነበር፣ እዛ መሳሪያ እንዴት ገባ ብለን።

እኔ አንድ ጊዜ ለሳምንታት የደከምኩበት አካል መጨረሻ ላይ የቀረችውን አንዲት ቀዳዳ ስበሳ ቲክ አለና ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። የመብሻው ሙቀት ነው ብዬ ደመደምኩ፣ በኋላ ግን ስብራቱን በአጉሊ መነጽር ስከተለው የጀመረው ከቀዳዳው ሳይሆን ማንም አያየውም ብዬ በጥድፊያ ካለፍኩት የውስጥ ጥግ ነው። ሻካራ አልማዝ ላዩን ብቻ አይደለም የሚፍቀው፣ ከስር በአይን የማይታይ ጥቃቅን ስንጥቅ ትቶ ነው የሚሄድ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደቃቅ አልማዝ ያንን ስንጥቅ እስከ ጥልቀቱ ካልጨረሰው ላዩ ያበራል ስሩ ግን ቁስል ነው፣ ትንሽ ጫና ሲያገኝ ይከፈታል። ስለዚ የውስጡ ልስላሴ ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ እቃውን ያቆመው እሱ ነው፣ እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ ሁሌም ከውስጥ ነው የምጀምረው።

ሌላው ነፀብራቅ ነው፣ ሰንፔር ከእያንዳንዱ ገጽ ላይ ወደ 8 በመቶ ብርሃን ይመልሳል፣ ተራ መስታወት 4 አካባቢ ነው፣ ፀረ ነፀብራቅ ቅቡን የምንቀባው ለዛ ነው፣ እሱን ግን ቀቢዎቹ ከኔ የበለጠ ያስተምሯችኋል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ፣ ውሃ። በደንብ ያልለሰለሰ ሰንፔር ውሃ ሲነካው ጭረቱ ውስጥ ውሃው ይሞላና ጥርት ብሎ ይታያል፣ እጃችሁ ላይ እያለ አለቀ ትላላችሁ። እንዳትሉ። በደንብ አድርቁት፣ ጨለም ያለ ቦታ መብራት ከጎን አብሩበትና የውስጡን ጥግ በአጉሊ መነጽር እዩት፣ እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ካለ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ፣ ወደ ሻካራው አልማዝ ተመለሱና ከዛ እንደገና ጀምሩ።