ስለ ማምረቻ መስመር ጠይቁኝ

የመገጣጠሚያ መስመር ሳደራጅ ዓመታት አልፈዋል። የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ስንት የሥራ ጣቢያ እንደሚያስፈልገኝ በምን አውቃለሁ?

በእጅህ ካለው ሰው ቁጥር አትነሳ፤ ከሚፈለገው ምርት ተነሳ። ሽፍቱ 480 ደቂቃ ነው እንበል። 30ው ለእረፍት ሲወጣ 450 ይቀራል። በሽፍት 450 ፍሬ ከተፈለገ በየ60 ሰከንዱ አንድ መውጣት አለበት። ታክት ታይም የሚባለው ይሄ ነው። አንዱን ዕቃ ለመጨረስ ሥራዎቹ ተደምረው 270 ሰከንድ ከፈጁ ለ60 አካፍለው፤ 4.5 ይመጣል። ግማሽ ጣቢያ ስለሌለ 5 ያዝ። ግን ይሄ ትንሹ ቁጥር ነው። ቀዳዳው ሳይበሳ ብሎን አይገባም፤ ቅደም ተከተሉ ካስቸገረህ 6 ሊሆን ይችላል።

ለአምስቱም እኩል 54 ሰከንድ አካፈልኩ። ሦስተኛው ጋ ግን ሁሌ ይከመራል። ምን አጠፋሁ?

ሰዓቱን ስንቴ ለካሽ? አንዴ ከሆነ ቁጥሩን እርሺው። ከዚያ ሂጂና ጎኑ ቁሚ። እኔም እንዲህ ያለ ክምር ገጥሞኝ ሠራተኛዋን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ አየኋት። የብሎኑ ሳጥን ከኋላዋ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት ብሎን፣ አራት ጊዜ መዞር! ሳጥኑን ከፊቷ፣ ክርኗ ከፍታ ላይ አደረግነው። ሰው ሳንጨምር ክምሩ ጠፋ። እኔ ደግሞ ቀርፋፋ ናት ብዬ ልወቅሳት ነበር።

ሌሎቹን ጣቢያዎች ባፋጥንስ?

ክምሩ ይበዛል እንጂ ምርት አይጨምርም። መስመሩ የሚሄደው በማነቆው፣ ማለትም በጣም በሚዘገየው ጣቢያ፣ ፍጥነት ነው።

ጎበዙን ሠራተኛ ማነቆው ላይ ላስቀምጥ?

ለዛሬ ያወጣሃል። የቀረ ቀንስ? ጎረቤቶቹን ያንኑ ሥራ አስተምር።

ቀጥ ያለ መስመር ይሻላል ወይስ የታጠፈ?

ዕቃው ትንሽ ከሆነ እንደ “ሀ” ፊደል የታጠፈውን እመርጣለሁ። መግቢያና መውጫው ስለሚቀራረብ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሥራ አንድ ሰው ሊይዝ ይችላል። ትልቅ ዕቃ ላይ ግን መታጠፊያው ራሱ ጣጣ ነው።

ሥራን በቆራረጥነው ቁጥር ይፈጥናል አይደል?

እስከ ልኩ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሽ መስመር ሲጀምር ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የመኪና ሻሲ መገጣጠም በወራት ውስጥ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሠራተኛው ግን ሥራው አሰልችቶት ጥሎ ይሄድ ነበር። በ1914 መጀመሪያ የቀን ክፍያውን 5 ዶላር ለማድረስ አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቅብብል ማንሳትና ማስቀመጥ አለው። 10 ሰከንድ በምትፈጅ ሥራ ላይ 3 ሰከንድ ለማንሳትና ለማስቀመጥ ከሄደ ከጎረቤቷ ጋር አዋህዳት።