ጠዋት ጠዋት ቻርጅ አልቀበል ያለው የባጃጅ ባትሪ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሹፌር ነው። ሊቲየም ባትሪው ጠዋት ቻርጅ አይቀበልም፤ ረፋድ ላይ ግን ማንም ሳይነካው መሙላት ይጀምራል። የቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚቆጣጠረውና የሚጠብቀው ሰርኪዩት) አፕ ጠዋት −2 ዲግሪ ያሳያል። ባትሪው ክረምት ላይ ተከፍቶ ተጠግኗል። አሁን «ሴሎቹ ሞተዋል፣ አዲስ ግዛ» ተብሏል።

ወንድምዓለም፣ ገንዘብህን ያዝ። የሞተ ሴል ፀሐይ ስትወጣ አይነሳም። ማርቆስ ቢበርድም ቤት ውስጥ ያደረ ባትሪ ከዜሮ በታች አይወርድም። እኔ የምጠረጥረው የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ የተነካውን መጋጠሚያ።

ይቺን ነገር ረጋ ብለህ ስማኝ። ሴንሰሯ ቴርሚስተር ናት። ስትሞቅ ኦሟ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሟ) ይቀንሳል፣ ስትበርድ ይጨምራል። የተለመደችው 25 ዲግሪ ላይ 10 ኪሎ ኦም ናት፤ 15 ዲግሪ ላይ 15 ገደማ፣ ዜሮ ላይ 30 ገደማ ትደርሳለች። ቢኤምኤሱ የሚያነበው ኦም ብቻ ነው። ጠዋት ባትሪህ 15 ዲግሪ ነው እንበል። የዛገ መጋጠሚያ ሌላ 15 ኪሎ ኦም ቢጨምርበት ድምሩ 30 ሆነ። ቢኤምኤሱ ዜሮ ገባን ብሎ ቻርጁን ይዘጋል። ረፋድ ላይ የሴንሰሯ ድርሻ ሲወርድ ይከፍተዋል። መዝጋቱ ልክ ነው፤ ሴሉ በረዶ ሆኖ ከተሞላ ሊቲየሙ ሲሞላ የሚገባበት ግራፋይት (የሴሉ የካርቦን ንጣፍ) ውስጥ መግባት ትቶ ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይጋገራል፣ ውሎ አድሮም ሴሉን ከውስጥ ሾርት ሊያደርገው ይችላል።

ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ፤ ባትሪው ቢጠፋም ውስጡ ኃይል አለ። የሴንሰሩን ኮኔክተር ከቢኤምኤሱ ንቀልና በቴስተር ለካ። ከዚያ እዚያው ሴንሰሯ እግር ላይ ለካ። ልዩነት ካለ ጥፋቱ መሃል ላይ ነው። ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለበት ሽቦ እንደምታገኝ እገምታለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል! ስታኞ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ቆርጠህ በካውያ በይደው፣ በሙቀት በሚሸበሸብ ቱቦ ሸፍነው።

በሴንሰሯ ቦታ ተራ፣ ኦሙ በሙቀት የማይለዋወጥ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እንዳትበይድ። ቢኤምኤሱ ባትሪው ቢነድ እንኳ 25 ዲግሪ ነው ይላል።

ሴንሰሯን መሃል ያለ ሴል ላይ አጥብቀህ ለጥፋት፤ ክዳኑ ላይ አይሁን። እንዲያም ሆኖ የምትለካው የሴሉን ቆዳ ነው፤ በኃይል ሲሠራ ውስጡ የበለጠ ይሞቃል። ፈረንሳይ ያለው የባትሪ ተመራማሪው የዣን ማሪ ታራስኮን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት ቀጭን የኦፕቲካል ፋይበር ክር ሴል ውስጥ አስገብቷል። ከክሩ የሚመለሰው የብርሃን ሞገድ በሙቀትና በግፊት ስለሚለዋወጥ ውስጡን ከዚያ ያነቡታል። ያንተ ባጃጅ ላይ ያለችው ግን ይቺው ሴንሰር ናት። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ በሬዚስተር አታታላት።

ሽቦው ደህና ሆኖ ሴንሰሯ ራሷ ከተበላሸች ቀይራት። ርካሾቹ 10 ኪሎ ኦም ተብለው ሲለኩ ሌላ ይሰጣሉ፤ ሱቁ ውስጥ እያለህ ለካ። እጅህ ውስጥ ስትጨብጣት ወደ 7 ኪሎ ኦም መውረድ አለባት። የቤታውን ቁጥርም (ኦሟ በሙቀት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚናገረውን) ከአሮጌዋ ጋር አመሳክር፤ 3435 እና 3950 አንድ አይደሉም።