መልስ፦ የችሎቱ ክፍል ቢያሰለችህም አትተወው

ሰላም ወንድሜ። የአሜሪካዊውን ደራሲ የጆን ግሪሻምን «ኤ ታይም ቱ ኪል» ልብ ወለድ ጀምረህ መሃሉ ላይ የፍርድ ቤቱ ሂደት ስለተንዛዛብህ «ልተወው ወይስ ልግፋበት?» ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ አትተወው።

እኛ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ይዘን ስለ መጽሐፍ የምንወያይ አምስት ጓደኛሞች ነን፤ በዚህ ልብ ወለድ ላይ ያልተከራከርንበት ገጽ የለም። አንዷ ልክ እንዳንተ የጁሪ አባላት (ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ሰዎች) የሚመረጡበት ክፍል በዛብኝ አለች። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ልብ እሱ ነው። በእኛ አገር ፍርድ የሚሰጡት ዳኞች ናቸው፤ እዚያ አሜሪካ ግን የተከሳሹ ዕጣ በ12 ተራ ሰዎች እጅ ነው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ወሬውን ሰምቷል፣ ነጭና ጥቁሩም ተከፋፍሏል። ታዲያ ማን እንደሚመረጥ ካላየን ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

ከመካከላችን ጠበቃ የሆነው ያነሳው ነገር ደግሞ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ትንሽ ልጁ የተደፈረችበት ጥቁር አባት የደፈሯትን ሁለት ነጮች በፍርድ ቤቱ ሕንጻ ውስጥ አድብቶ ይገድላል። ጉዳዩ እዚህ ቢሆን ኖሮ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ክርክሩ በአንቀጽ 539 (ከባድ የሰው ግድያ) እና 541 (በብርቱ ቁጣ ለተፈጸመ ግድያ ቅጣቱን የሚያቀል) መካከል ይሆን ነበር፦ በመጀመሪያው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት፣ በሁለተኛው ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። አድብቶ መጠበቁን ታከብደዋለህ ወይስ የአባትነት ቁጣውን?

በመጽሐፉ ቅር ያለኝ የልጅቷ እናት ድምፅ ብዙም አለመሰማቱ ነው።

ጨርሰህ ስትመለስ በብያኔው ትስማማ እንደሆነ ጻፍልኝ፤ እኛ እስካሁን ሦስት ለሁለት ተከፍለናል።