ጴጥሮስ ቁልቁል መሰቀሉ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከሌለ ከየት አመጣነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ «ስለ ሐዋርያት አሟሟት የምታወሩት ሁሉ ተረት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው የያዕቆብ ብቻ ነው» አለችኝ። ከፍቼ ሳይ እውነትም የያዕቆብን ብቻ አገኘሁ። ታዲያ ጴጥሮስ ቁልቁል ተሰቀለ የምንለውን ከየት አመጣነው? ደግሞ እነሱ አንገታቸውን ሰጥተው እኔ ማተቤን እንኳ ማሰር አቃተኝ። አሠሪዬ አውልቂ ስላለችኝ ፈትቼ ትራሴ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ክጃለሁ ማለት ነው? የሰኔ ጾምንስ የቄስ ጾም ነው ይሉኛል፤ ልጹመው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላም ይብዛልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ማተቡ የጻፍሽው ሆዴን በላው። ግን ከፊተኛው ልጀምር፤ የማተብሽም መልስ ያለው እዚያው ሐዋርያት ታሪክ ውስጥ ነው።

ጓደኛሽ ያየችው ነገር ልክ ነው። ከአሥራ ሁለቱ መካከል ለወንጌል ሲል መገደሉ በመጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ የተጻፈለት የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብ ነው። ሐዋርያት ሥራ 12 ላይ ሄሮድስ «የዮሐንስንም ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው» ይላል። ይህ ሄሮድስ አግሪጳ ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 44 ዓ.ም. አካባቢ ነው (የጥንቶቹን ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። አስቢው እስቲ፣ ደብረ ታቦር የወጣ፣ ጌቴሴማኒ የገባ ሐዋርያ ሞቱ በአንዲት መስመር አለቀ። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ ሮም እንዴት እንደደረሰ ነው የሚጽፈው፤ የእያንዳንዱን ሰው ፍጻሜ ሊዘግብ አልተነሣም። የጳውሎስን ሞት እንኳ አልጻፈም። መጽሐፉ የሚያልቀው ጳውሎስ ሮም በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት እየሰበከ ተቀመጠ ብሎ ነው። እንግዲህ አልተጻፈም ብለን ጳውሎስ አልሞተም ልንል ነው? ለጓደኛሽ ይህችን በፍቅር ጠይቂያት። አትጣይ።

ስለ ጴጥሮስ ግን መጽሐፉ ጨርሶ ዝም አላለም። ዮሐንስ ወንጌል 21ን አውጪ። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ «በሸመገልህ ጊዜ እጆችህን ትዘረጋለህ፥ ሌላውም ያስታጥቅሃል ወደማትወደውም ይወስድሃል» አለው። ወንጌላዊውም ይህን ያለው ጴጥሮስ በምን ዓይነት ሞት እግዚአብሔርን እንደሚያከብር ሲያመለክት ነው ብሎ ራሱ ተረጎመልን። እጅ መዘርጋት ለዚያ ዘመን አንባቢ ምን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ቅርብ ምስክሮች አሉ። የሮሙ ቀሌምንጦስ በ96 ዓ.ም. ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ጴጥሮስና ጳውሎስ ብዙ መከራ ተቀብለው መስክረው ወደ ክብር ቦታቸው እንደሄዱ ያነሣል። የሮም ንጉሠ ነገሥት ኔሮን በክርስቲያኖች ላይ ካስነሣው ስደት ወደ ሠላሳ ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ አዲስ አበባ የነበረ ጎረቤትሽ ያንን ቀን ሲያወራልሽ ተረት ነው ትይዋለሽ? ኔሮን የ64ቱን የሮም ቃጠሎ በክርስቲያኖች አላክኮ እንዴት እንደጨረሳቸውም የጻፈው ክርስቲያን ሳይሆን ታኪተስ የተባለ አረማዊ ሮማዊ ነው። በ200 ዓ.ም. ገደማ ጋይዮስ የሚባል የሮም ክርስቲያን ከአንድ ሰው ጋር ሲከራከር፣ ና ልውሰድህ፣ የሐዋርያቱን መታሰቢያ አሳይሃለሁ፤ አንዱ ቫቲካን፣ አንዱ በኦስትያ መንገድ ነው ብሎታል። ቦታውን በጣቱ የሚያሳይ ሰው ነበረ ማለት ነው።

«ቁልቁል» የሚለውስ? ይኼ ከትውፊት ነው፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። በሁለተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከተጻፈና ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ካልቆጠረችው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በሦስተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው መምህር ኦሪገንም ጴጥሮስ ራሱ ለምኖ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ተሰቀለ ማለቱን የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። እንደ ጌታዬ ልሰቀል አይገባኝም አለ ብለው አባቶች አስተማሩን፣ ሠዓሊዎቻችን ሣሉት፣ እኛም ተቀበልነው። መሰቀሉ የወንጌል መሠረት አለው፤ አሰቃቀሉ ከአባቶች የተቀበልነው ነው። ሁለቱ ክብደታቸው እኩል ነው ብዬ አላስተምርሽም። ከዓመታት በፊት ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር አንድ ሕፃን ወደ ግድግዳው እያመለከተ «ይኼ ሥዕል ተዘቅዝቆ ነው እንዴ የተሰቀለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጊዜ አልነበረኝም፣ ዝም በል አልኩት። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሲጠየቅ የሚቆጣ መምህር ልጁን ለተረት ነው ባዮች አሳልፎ ይሰጠዋል።

የጌታ ወንድም የተባለውን ያዕቆብን ብታነሺ ደግሞ፣ በ62 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ በሊቀ ካህናቱ ሐናን ትእዛዝ በድንጋይ ተወግሮ መሞቱን የጻፈው ዮሴፈስ የሚባል አይሁዳዊ የታሪክ ሰው ነው። እሱም ክርስቲያን አልነበረም።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ወደሆነው ወደ ፊተኛው ያዕቆብ ልመልስሽ፤ ከሁሉም ልቤ የሚቀረው የእሱ ታሪክ ነው። ሉቃስ በአንድ መስመር ያለፈውን የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ከእሱ በፊት ከነበሩት ሰምቶ ጽፎታል። ያዕቆብን ከሶ ወደ ፍርድ ያቀረበው ሰው፣ ያዕቆብ በዳኛው ፊት ሲመሰክር አይቶ ልቡ ተነካ። እኔም ክርስቲያን ነኝ አለ። ሁለቱንም ይዘዋቸው ሄዱ። መንገድ ላይ ከሳሹ «ይቅር በለኝ» አለው። ያዕቆብ ወዲያው አልመለሰም። ጥቂት አሰበ ይላል። ከዚያ «ሰላም ለአንተ ይሁን» ብሎ ሳመው። ሁለቱም አብረው ተሰየፉ። ያቺን «ጥቂት አሰበ» የምትለዋን ልብ በያት። አስይዞ ሊያስገድልሽ ያመጣሽን ሰው ይቅር ማለት ለሐዋርያም ቀላል አልነበረም፤ ያም ሆኖ ሳመው።

ከዚህ ሲያልፍ አንዱን ሐዋርያ ትውፊቶች በተለያየ መንገድ ይናገሩለታል። በርተሎሜዎስን የእኛ ስንክሳር መስከረም 1 ቀን ሲያስበው አሸዋ በተሞላ የጠጉር ከረጢት ተደርጎ ባሕር ተጣለ ይላል፤ ምዕራባውያን ደግሞ ቆዳው ተገፈፈ ብለው ነው የሚሥሉት። ይኼ ይረብሸኛል ወይ? አይረብሸኝም። ሐዋርያት በየአገሩ ተበተኑ፣ ዜናቸውም በየአገሩ ቋንቋ ተጻፈ፤ የእኛው ገድለ ሐዋርያት ራሱ በመካከለኛው ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ረጅም መንገድ የመጣ ዜና ዝርዝሩ ላይ ሊለያይ ይችላል። እኔ ከረጢቱ ነው ቆዳው ነው ብዬ ከማንም አልጣላም። እንደ ቤተ ክርስቲያኔ ስንክሳር አነባለሁ፣ ስሙን እየጠራሁ ጸልይልኝ እላለሁ።

ቶማስን ግን አንቺ ባለሽበት ከተማ ልታገኚው ትችያለሽ። ዱባይ ውስጥ ከኬራላ የመጡ ሕንዶች መቼም አይተሻል። ከእነሱ መካከል ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው፤ የቶማስ ክርስቲያኖች ይባላሉ፣ ወንጌልን ያመጣልን እሱ ነው ይላሉ። የሕንድ ኦርቶዶክስ ደግሞ ከእኛ ጋር እኅት አብያተ ክርስቲያናት ነን። በጦር የተወጋው በዛሬዋ ቼናይ፣ ማይላፑር በሚባል ቦታ ነው ብለው ይሳለሙታል። እኛ ግንቦት 26 ቀን እናስበዋለን። ጎረቤትሽ ኬራላዊት ከሆነች ስለ ቶማስ ጠይቂያት፣ ደስ ብሏት ነው የምትነግርሽ።

አሁን ወደ ማተብሽ።

«ሰማዕት» የሚለው የግእዝ ቃል ምስክር ማለት ነው። ጌታም ለሐዋርያት «ምስክሮቼ ትሆናላችሁ» አላቸው እንጂ ሁላችሁም ትገደላላችሁ አላላቸውም። ዮሐንስን ተመልከቺ። ጠርጡልያኖስ የሚባለው የጥንት ጸሐፊ እንደሚለው በፈላ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ምንም ሳይሆን ወጣ፣ ከዚያም ወደ ደሴት ተጋዘ። ራሱም «ስለ እግዚአብሔር ቃልና ስለ ኢየሱስ ምስክር» በፍጥሞ እንደነበረ ራእዩ ላይ ጽፏል። ሰይፍ አልነካውም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ጥር 4 ቀን መሰወሩን ታከብራለች። በሰው አገር፣ ከወገን ተለይቶ፣ በደሴት ላይ ብቻውን መጸለዩም ምስክርነት ሆኖ ተቆጥሮለታል። ያንቺን ኑሮ ከዚህ አንጻር እዪው።

ደግሞ ሐዋርያት ሞትን እየፈለጉ አልዞሩም። ጌታ ራሱ መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ከተማ ሽሹ ብሏቸዋል። ጴጥሮስ መልአኩ ከወኅኒ ባወጣው ሌሊት ለወንድሞች አስነግሮ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ፤ በነጋታው ሄሮድስ ደጅ ሄዶ አልቆመም። ጳውሎስ ደማስቆ ላይ ሊይዙት ሲጠብቁት በቅርጫት ተደርጎ በመስኮት ቅጥሩን ወረደ። ይህንንም ራሱ ሳያፍር ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎታል። የዮሐንስ ደቀ መዝሙር የነበረው ፖሊካርፐስ እንኳ መጀመሪያ ሲፈለግ ከከተማ ወጥቶ እርሻ ቤት ተደብቋል። በእሱ ዘመን ያዙኝ ብሎ በፈቃዱ የሄደ ቁኢንጦስ የሚባል ሰው ነበረ፤ አራዊቱን ሲያይ ፈርቶ ካደ። ስለዚህም ያን ታሪክ የጻፉት ምእመናን ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም አሉ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የተሰዉት ወንድሞቻችንም እንጀራ ፍለጋ የወጡ ስደተኞች ነበሩ፣ እንዳንቺው። ሞትን ፍለጋ አልሄዱም። ሲመጣባቸው ግን ክርስቶስን አልካዱም።

እና አንቺ ምን አደረግሽ? አሠሪሽ ክሩን አውልቂ አለችሽ፣ አወለቅሽ። ጴጥሮስ ሲክድ ያለው «ሰውየውን አላውቀውም» ነው። አንቺ አላውቀውም አላልሽም። ማተብ የጥምቀታችን ምልክት ነው፣ እወደዋለሁ፣ ልጆቼም ከአንገታቸው እንዲለዩት አልፈልግም፤ ነገር ግን ጥምቀትሽ ያለው ክሩ ላይ አይደለም፣ በግድ የተፈታ ክር ክርስትናሽን ይዞት አይሄድም። እንደ እኔ ፍርድ አልካድሽም።

አንድ ነገር ግን እወቂ። ክርስቲያን ነሽ ወይ ብለው ቢጠይቁሽ አይደለሁም እንዳትዪ። ካልተጠየቅሽ መናገር ግዴታሽ አይደለም። ማታ በርሽን ዘግተሽ ማተብሽን አንገትሽ ላይ እሰሪው፣ አባታችን ሆይ በዪ፣ ጠዋት ስትነሺ ፈትተሽ ከትራስሽ መልሺው። ለንስሐ አባትሽም ደውለሽ ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪያቸው። እሳቸው ካንቺ ሕይወት ጋር አገናዝበው የሚሉሽን ስሚ፤ እኔ ከሩቅ ነኝ። ደግሞ ክጃለሁ እያልሽ ሌሊቱን ስታለቅሺ እንዳታድሪ። ጴጥሮስ ዶሮ ሲጮኽ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ጌታ ግን ያንኑ ሦስት ጊዜ የካደውን ሰው ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠይቆ በጎቹን አደራ ሰጠው። የመስቀሉን ትንቢት የተናገረው ለዚህ ለካደው ጴጥሮስ ነው፣ በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ባሕር ዳር፣ ዓሣውን ከበሉ በኋላ።

የሰኔ ጾም የቄስ ጾም አይደለም። ጾመ ሐዋርያት ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው፤ ካህንም ምእመንም ይጾመዋል። ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ ለስብከት ከመውጣታቸው በፊት የጾሙት ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ይጀምርና ሐምሌ 4 ያበቃል፤ ፋሲካ ሲቀድም እስከ 49 ቀን ይረዝማል፣ ሲዘገይ ወደ 15 ቀን ያጥራል። ሐምሌ 5 የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ነው፣ በዚያ እንፈታለን።

ሰው ቤት ሆነሽ የምትበዪውን አንቺ እንደማትመርጪ አውቃለሁ። ሥጋውን ወደ ጎን አድርገሽ ሩዙን መብላት ከቻልሽ እንዲያ አድርጊ። ካልተቻለ፣ ወይም ሥራው ከብዶ ሰውነትሽ ከደከመ፣ ራስሽን ሳትጎጂ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና የሚያዙሽን ያዢ፤ ከምግቡ ያጎደልሽውን ከጸሎቱ ላይ ጨምሪበት። ሐምሌ 5 እረፍት ከሰጡሽ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ካልሰጡሽም በሥራ መሐል ስልክሽን ክፈቺና ዮሐንስ 21ን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምረሽ አንብቢው።